ዛንዚባር ከሁለት ልጆች ጋር፦ ትኬት ከመቁረጤ በፊት ማን በነገረኝ

እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። የዛንዚባሩን ጉዞ ያሰብነው ከሁሉ በፊት ለእርሷ ነበር። ሄደን ተመለስን፤ እርሷ ግን አልሄደችም። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኔ ብቻ ግን አይደለም፤ ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው እንደ እኔ እንዳይሆን ነው።

ዛንዚባርን የመረጥነው አስበንበት ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ትንሹ ልጄ ገና የ15 ወር ሕፃን ስለነበር ከዚያ የሚረዝም መንገድ አልደፍርም ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኛ በዝናብና በጭቃ በምንሰቃይበት በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ደረቅና ነፋሻማ ወቅት ነው። የቀሩትን ቀናት የወሰነልን ጾም ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። እናቴ ፍልሰታን ሱባኤ ገብታ ነው የምታሳልፈው፤ ይህን ልማዷን ለማንም ለምንም አታጥፍም። ስለዚህ በሁለቱ ጾሞች መካከል ሐምሌ 12 ሄደን ሐምሌ 19 እንድንመለስ ትኬት ቆረጥን።

ፓስፖርቱ፣ ቪዛውና ሆቴሉ ያለ ችግር አለቁ። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጭን ላይ ተቀምጦ የትኬቱን ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ይከፍላል። ደሴቲቱ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷን የመድን ዋስትና ግዴታ አድርጋለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ ከሌላ ቦታ የገዛችሁት መድን አይተካውም።

አሁን ወደ ክትባቱ ልምጣ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ዛንዚባር የምትገኝባት ታንዛኒያ ከእኛ አገር ለሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ዓለም አቀፉን ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃን፣ ትጠይቃለች፤ አንድ ዓመት የሞላው ልጅም ይጠየቃል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በግንቦት ትኬቱን የሸጠልንን የጉዞ ወኪል ስለ ልጆቹ ጠይቄው ነበር። «ከአምስት ዓመት በታች አይመለከታቸውም» አለኝ፤ ዐይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። አመንኩት። የስድስት ዓመቷን ልጄን ብቻ አሰብኩ፤ ለእርሷና ለእኛ ለአዋቂዎቹ ደግሞ ደንቡ ከጉዞው 10 ቀን አስቀድሞ መከተብ ነው ስለሚል አልቸኮልኩም።

ሰኔ 20 ትንሹ በ15 ወሩ የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ወስጄ አስከተብኩት። ካርዱ ላይ ተጻፈ፤ ልጁ ትንሽ አለቀሰ፤ ወደ ቤት ተመለስን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአገር እንደምንወጣ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ያችን ጠዋት ዛሬም ደጋግሜ አስባታለሁ።

ሰኔ 28 ስድስታችንም የቢጫ ወባ ክትባት ወደሚሰጥበት ማዕከል ሄድን፤ ስድስተኛዋ ልትሸኘን የመጣችው እኅቴ ናት። ወረፋው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያዘን። ሐኪሙ እናቴን ለብቻዋ ስለ ጤናዋ በደንብ ጠየቃት፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይህ ክትባት ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርሷ ተከተበች፤ ባለቤቴ፣ እኔና ትልቋም ተከተብን። ነርሷ ትንሹን ልትወጋው ስትል ከወኪሉ የሰማሁትን ነገርኳት። ሕፃኑም እንደሚጠየቅ በእርጋታ ነገረችኝና የክትባት ካርዱን ተቀበለችኝ። ካርዱን ስታገላብጥ ቆመች። «እህቴ፣ ይህ ልጅ ዛሬ አይከተብም» አለችኝ።

ምክንያቱን በኋላ በደንብ ተረዳሁት። የኩፍኙም የቢጫ ወባውም ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዙ ናቸው። በአንድ ቀን፣ በተለያየ የሰውነት ክፍል ላይ መስጠት ይቻላል። በአንድ ቀን ካልተሰጡ ግን በመካከላቸው ቢያንስ አራት ሳምንት መቆየት አለበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ኃይል ሊያዳክም ይችላል። ከሰኔ 20 አራት ሳምንት ሲቆጠር ሐምሌ 18 ነው። ካርዱ ደግሞ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ሐምሌ 28 ይደርሳል። ፍልሰታ ሦስት ቀን ቀረው ማለት ነው።

ነርሷ ትክክል ነበረች፤ በእርሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ያናደደኝ ኃላፊው ነው። ቢሮው ገብቼ ሌላ መንገድ እንዳለ ስጠይቀው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ቀድማችሁ ማሳወቅ ነበረባችሁ» አለኝ። ለማን? ጤና ጣቢያው ስለ ጉዞ አይጠይቅም፤ ወኪሉ ስለ ክትባት አያውቅም፤ ማዕከሉ የሚያየን በመጨረሻው ሳምንት ነው። ሦስቱም የየራሳቸውን ሥራ ሠርተዋል፤ በመካከሉ የወደቀው የእኔ ልጅ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

የጉዞውን ቀን በቅጣት ቀየርን። ሆቴሉ የአንድ ሌሊት ሂሳብ ወሰደብን። የተገኘው ቀን ነሐሴ 2 ነበር። እኔና ሕፃኑ ቀርተን ሌሎቹ በመጀመሪያው ቀን እንዲሄዱ ባለቤቴ ሐሳብ አቀረበ። እናቴ «የልጅ ልጄን ጥዬ ባሕር ዳር ምን እሠራለሁ?» አለች። ነሐሴ 1 ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ በማግስቱ እኛ ወደ ቦሌ ሄድን።

ስለዚህ ደንቡ 10 ቀን ቢልም እኔ ሁለት ወር እላለሁ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሕፃኑን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ማዕከሉ ሂዱ፤ ልጁ በቅርቡ የሚደርሰው ክትባት ካለ የቢጫ ወባውን አብሮ መስጠት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ቢጫ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።

ደሴቲቱ ቆንጆ ናት፤ ሁሉም የሚያወራላችሁ ስለሆነ እኔ አላበዛውም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ከትንንሽ ልጆች ጋር በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ አትረፉ፤ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን። እዚያ ባሕሩ ሲጎድል እጅግ ይርቃል፤ ልጅ ውኃ እያየ ውኃ ያጣል፤ በቀረው ኩሬ ውስጥ ደግሞ እግር የሚወጉ እሾሃማ እንስሳት አሉ። በሰሜን ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። እኛ ኬንድዋ አረፍን፤ በምርጫችን እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

የአዲስ አበባ ልጆች ከወባ ጋር አይተዋወቁም። «ወባ እዚህ ቀንሷል» ቢሏችሁም አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፤ ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ፤ ከፋርማሲ ራሳችሁ አትግዙ፤ ለትልልቆች የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። ድርቆሽና በሶ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ቀን ሙሉ ሩዙንም ዓሣውንም እንቢ ያለው ትንሹ ልጄ በሦስተኛው ቀን የድርቆሽ ፍርፍር ጠርጎ በላ። ከድንጋይ ከተማ (ስቶን ታውን ከሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ) በጀልባ ቻንጉ ደሴት ውሰዷቸው፤ ከሲሸልስ በ1919 እ.ኤ.አ. የመጡት ግዙፍ ኤሊዎች ዘር እዚያ ነው። ልጄ አንዱን ጎመን እያበላች አንድ ሰዓት ቆመች፤ ከዚያ ሁሉ የባሕር ቀን ዛሬም የምታወራው እርሱን ነው።

የእናቴ ቢጫ ካርድ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለሚመጣው ሐምሌ 7 ትኬት ቆርጫለሁ፤ መጀመሪያ የቆረጥኩት የእርሷን ነው።