በክንድ ማሳረፊያው ሥር የነበረው መስመር

በኔዘርላንድስ በአንድ ሙዚየም የግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ብዙ ወንበሮች በእጄ አልፈዋል። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ግን አንዱ ነው፤ የኔዘርላንድሱ አርክቴክትና የቤት ዕቃ ነዳፊ ኼሪት ሪትፌልት እ.ኤ.አ. በ1918 አካባቢ የነደፈው፣ በኋላ ቀለም ሲቀባ ቀይና ሰማያዊ ወንበር የተባለው። እኛ ዘንድ የነበረው ወንበር የሪትፌልት ረዳት ኼራርድ ፋን ደ ኽሩነካን በእጁ የሠራው ነው።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ወንበር ሲሠራ አንዱን እንጨት ፈልፍሎ የሌላውን ጫፍ ያስገባበት ነበር። በዚህ ወንበር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። 13 ሞራሌዎች፣ ሁለት የክንድ ማሳረፊያዎች፣ አንድ መቀመጫና አንድ መደገፊያ ሰሌዳ ናቸው፤ ሞራሌዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ተነካክተው ይተላለፋሉ እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ አያልቅም። የሚያያይዛቸው ከውስጥ የተሰወረ ክብ የእንጨት ችካልና ሙጫ ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ሞራሌው በወርዱ ይኮማተራል፣ ችካሉ ግን በቁመቱ እምብዛም አይኮማተርም፤ በሁለቱ መካከል የሚሰቃየው ያረጀው ሙጫ ነው። ወንበሩን ከሩቅ ለሚያየው ቀለሙ ይበልጥበታል፤ ለሚሸከመው ሰው ግን ነገሩ ሁሉ መጋጠሚያው ላይ ነው።

ወንበሩ በውሰት ወደ ሌላ ሙዚየም ሊሄድ ስለነበር አስቀድሞ ፎቶግራፍ እንዲነሣ ታዘዘና ከባልደረባዬ ጋር ከመደርደሪያው አወረድነው። ወንበር በክንዱ አይነሣምና ከታችኛው ሞራሌ ይዘን፣ የጥጥ ጓንት የተላጠ ቀለም ስለሚይዝ ናይትሪል በሚባለው ስስ የላስቲክ ጓንት፣ ቀስ ብለን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍነው። በዚያች ቅጽበት ከግራው ክንድ ማሳረፊያ ሥር ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ባትሪ በአግድም ሳበራበት፣ ሁለቱ ሞራሌዎች በተነካኩበት ቦታ ጥቁሩን ቀለም የቆረጠ ፀጉር የሚያክል መስመር አየሁ።

ለክፍሉ ኃላፊ ነገርኳት።

«የዚህ መጋጠሚያ ሙጫ ለቋል፤ ባለሙያ ሳያየው ባይንቀሳቀስ ይሻላል።»

«በምን አወቅህ?»

«ድምፁን ሰማሁ፤ መስመሩም ይኸው።»

«አንተ የእንጨት ጥገና ባለሙያ ነህ?»

«አይደለሁም፤ የአናጢ ልጅ ነኝ።»

ፈገግ አለች። «አሮጌ ወንበር ላይ መስመር መኖሩ አይገርምም፤ ወደ ፎቶው ክፍል ውሰዱት» አለችኝ።

ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የዚያን ቀን ሥራ በዝቶባት እንደነበረም አውቃለሁ። ሆኖም ያቺ ፈገግታ ከወንበሩ ጉዳት በላይ አመመችኝ፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው የተማረውን እውቀት፣ ለእኔም በመጋዝና በመላጊያ መካከል ያወረሰኝን፣ እንደ ልጅ ወሬ ቆጥራብኛለችና። ሪትፌልት ራሱ የዩትሬክት አናጢ ልጅ እንደነበረና ሥራውን ገና በልጅነቱ በአባቱ ወርክሾፕ እንደ ጀመረ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልተናገርኩም። በዚያ አገር አለቃንም በስሙ ጠርቶ አንተ፣ አንቺ ማለት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በአንደበቴ አንቺ እያልኳት በልቤ አንቱ እላት ስለነበር፣ ሁለተኛ ጊዜ መከራከር ነውር መሰለኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው መናገር ነበረብኝ።

ወሰድነው። ሌላኛውን ጎኑን ፎቶ ለማንሣት ሲዞር መጋጠሚያው ሦስት ሚሊሜትር ያህል ተከፈተና ከጥቁሩ ቀለም ቅርፊት ወደቀ። ያን ዕለት ማታ በተሞላው ቅጽ ላይ «በማንቀሳቀስ ወቅት የደረሰ ጉዳት» ተብሎ ተጻፈ፤ ከሥሩም የእኔና የባልደረባዬ ስም ሰፈረ። ከሰዓታት በፊት የተናገርኩት ቃል በየትኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም።

ከውጭ የተጠራው የጥገና ባለሙያ መጋጠሚያውን ሲመረምር በስንጥቁ ውስጥ የተጠራቀመ አሮጌ አቧራ አገኘ። በዚያ ቀን የተከፈተ ቦታ እንዲህ ያለ አቧራ ሊኖረው አይችልም፤ ሙጫው ከለቀቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል ማለት ነው። ይህንኑ በራሱ ሪፖርት ላይ በግልጽ ጻፈው። ከዚያም ሙጫውን በመርፌ ሲያስገባ ሞራሌውን እንድይዝለት ጠየቀኝና ማሰሪያው እስኪጠብቅ ድረስ ሳልነቃነቅ ያዝኩለት። ከዚያ ሁሉ ሳምንት ደስ ያለኝ ሰዓት እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰማሁትንም ያየሁትንም ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሼ በጽሑፍ አስቀምጣለሁ፤ አዲስ ለሚቀጠሩትም ይህንኑ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። የወንበሩ ቅጽ እንዲታረምም አመልክቼ ነበር። የተዘጋ ሰነድ አይለወጥም፣ ተጨማሪ ማስታወሻ ግን ማያያዝ ይቻላል ተባልኩና በሦስት መስመር የሆነውን ጽፌ፣ የባለሙያውን ሪፖርት ቁጥር ጠቅሼ፣ ፈርሜ አያያዝኩት።

ባለፈው ዓመት ወንበሩ እንደገና ለውሰት ሲወጣ ሊረከበው የመጣው ሰው ፋይሉን ከፊቴ ቁጭ ብሎ አነበበ። የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሰ፣ «ሲያንቀሳቅሱት ነው የተጎዳው፣ አይደል?» አለኝና ፋይሉን ዘጋው። ፋይሉን ከእጁ ወስጄ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩለት፤ አንብቦ እስኪጨርስም ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።