ካልቢ እንደ ጥብስ አይደለም

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፌርፋክስ ጎዳና ካለው የኢትዮጵያውያን ሰፈር ተነሥቶ የኦሎምፒክን መንገድ ወደ ምሥራቅ የያዘ ሰው፣ መታጠፍ ሳያስፈልገው ኮሪያታውን ከሚባለው የኮሪያውያን ሰፈር ይደርሳል። እኔ በዚህ መንገድ ዘጠኝ ዓመት ስመላለስ የከሰል ሽታ ከሚወጣባቸው በዚያ ካሉት የኮሪያ ጥብስ ቤቶች ወደ አንዱም ጎራ ብዬ አላውቅም ነበር። ነገሩ ንቀት ሳይሆን እፍረት ነው፤ ሥጋውን ራስህ ጠብሰህ ብላ የሚል ቤት ገብቶ አላዋቂነቱ እንዲታይበት ማን ይወዳል?

ያስገቡኝ ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አጎቴ ናቸው። አባታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው በሕይወት ከተመለሱት መካከል ነበሩ። አጎቴ ረቡዕና ዓርብን ስለሚጾሙ ቀኑን ሐሙስ አደረግነው። ምሳን የመረጥነው ደግሞ ዋጋው ከእራቱ ስለሚቀንስና ወረፋው ስለሚያጥር ነው።

ቤቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ ግድግዳው ጭስ ጠጥቶ የሻይ መልክ ይዟል። በየጠረጴዛው መካከል ከሰል የሚገባበት ክብ ጉድጓድ አለ፤ በላዩም ጭሱን የሚስብ ቱቦ ከጣሪያው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ገና ሥጋ ሳናዝ በበርበሬ የተብላላው ጎመን ኪምቺው፣ የባቄላ ቡቃያው፣ ፍጅሉ፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸው ቆስጣ በትንንሽ ሳህን ተደርድሮ ጠረጴዛውን ሞላው። አጎቴ ደንግጠው «ይህን ሁሉ ያዘዝከው አንተ ነህ?» አሉኝ። ባንቻን ይባላል፤ ከሥጋው ጋር አብሮ የሚቀርብ ስለሆነ አይከፈልበትም፣ ሲያልቅም ይጨመራል። እኛ ግን ነፃ መሆኑን ስናውቅ ጊዜ ሁለት ዙር አስጨምረን ሥጋው ሳይመጣ ግማሽ ሆዳችንን ሞላን።

አጎቴ የዐሣማ ሥጋ ስለማይነኩ የበሬ ጎድን አዘዝኩ፤ ግማሹን ተዘፍዝፎ የቆየ፣ ግማሹን እንዲሁ ያልተነካካ። ካልቢ የሚሉት ይህንኑ ጎድን ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ሳይለይ በስሱ ተከፍቶ እንደ ረጅም ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲመጣ አጎቴ አንዱን ዘርግተው አዩና «ይኼማ ዝልዝል ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በስመ ሎስ አንጀለስ የሚጠራው ሌላው አቆራረጥ ግን አጥንቱን ከነሥጋው አግድም የሚሰነጥቅ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ ላይ ትንንሽ አጥንቶች ተሰልፈው ይታያሉ።

ስሕተቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ጊዜ ፍርግርጉ ላይ ዘረገፍኩና ድስት ላይ ጥብስ እንደሚያማስል ሰው አገላብጠው ጀመር። የተዘፈዘፈው ሥጋ መረቁ የአኩሪ አተር ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ሥጋውን የሚያለሰልስ የፒር ጭማቂና ስኳር ያለበት ስለሆነ፣ ከሰል ላይ ቶሎ ያርራል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ጠርዙ ከሰለ፣ መሐሉ ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ፤ ያልተዘፈዘፈውም የተቃጠለ ስኳር ተለጥፎበት መረረ።

በዕድሜ የገፉ አስተናጋጅ ጠጋ ብለው ምንም ሳይናገሩ ጉጠቱን ከእጄ ወሰዱ። የጠቆረውን ፍርግርግ አንሥተው በንጹሕ ቀየሩት። ያልተዘፈዘፈውን አስቀድመው ሦስት ቁራጭ ብቻ፣ ሳይነካኩ አስቀመጡ። እኔ ለመገልበጥ እጄን ስዘረጋ በጉጠቱ ጫፍ መለስ አደረጉኝና የሥጋውን ገጽ አመለከቱኝ፤ ከላይ የጭማቂ ጠብታ ላብ መስሎ ብቅ ሲል ያን ጊዜ አንዴ ገለበጡት። ከዚያም በመቀስ ቆራርጠው አጥንቱን ወደ ዳር ገፉት፤ ዳር ላይ እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ አጥንቱን የያዘው ሥጋ ሳያርር ቀስ ብሎ ይበስላል። የተዘፈዘፈው መጨረሻ ላይ ገባ። ጥብስን በማማሰል የተማረ እጅ ዝም ብሎ መጠበቅ እንዴት እንደሚከብደው ያኔ ገባኝ።

አበላሉን ለመማር ግን አልተቸገርንም። የሰላጣ ቅጠል መዳፍ ላይ ይዘረጋል፤ ሥጋው፣ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርትና ከተብላላ አኩሪ አተርና ከበርበሬ የተሠራ፣ ድልህ የሚመስል ማባያ ይቀመጥበትና ተጠቅልሎ ሳይገመስ በአንድ ጊዜ ይጎረሳል። አጎቴ የመጀመሪያውን ጠቅልለው ለራሳቸው ይሆናል ስል ወደ እኔ አፍ አመጡት፤ «አንድ ያጣላል» ብለውም ሁለተኛውን አስከተሉ። አስተናጋጇ ሳቁ። ኮሪያውያንም የሚወዱትን ሰው እንዲህ ጠቅልለው ያጎርሳሉ።

ከሥጋው በኋላ ኔንግምዮን የሚባለውን ቀዝቃዛ ኑድል፣ በረዶ ከሚንሳፈፍበት መረቁ ጋር አመጡልን። አጎቴ አባታቸው የኮሪያ ዘማች እንደነበሩ ለሴትዮዋ ይነግራሉ ብዬ ስጠብቅ ምንም አላሉም። አንድ ማንኪያ መረቅ ቀምሰው ጥርሳቸው ሲጠዘጥዛቸው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና «አባባ የኮሪያን ብርድ እንጂ ምግቧን አውርተውልኝ አያውቁም» አሉ።

በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ ጋር ስመለስ ጃኬቴን መኪና ውስጥ ትቼ ገባሁ፤ የመጀመሪያው ዕለት ጭስ ከጃኬቴ ሳይለቅ ሳምንት ቆይቷልና። ባንቻኑን አንድ ዙር ብቻ በላን። ሦስት ቁራጭ አስቀምጬ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠብታዋን ስጠብቅ፣ ባለቤቴ «ምነው፣ ጸሎት ላይ ነህ?» አለችኝ።