ስማቸውን ቀየርኩ፤ ሎሚውን ግን አልነካሁም

ጋዜጠኝነትን የጀመርኩት ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት እየተቀመጥኩ ነው። ከዚያ ወደ ምርመራ ዘገባ ገባሁ። የወንጀል ልብ ወለዱ ደግሞ ማታ ማታ መጣ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ አንድ ቦታ ላይ ስለወጡ ሁለት ካርታዎች ነበር። የመረጃ ነፃነት ሕጉ፣ አዋጅ 590/2000፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ስትጠይቂ በ30 ቀን መልስ ይሰጥሻል ይላል። እኔ ለወራት ተመላለስኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በመጨረሻ ደብዳቤሽ የለም ተባልኩ። ገቢ የሚል ማህተም የተመታበት ኮፒ አልያዝኩም ነበር። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ሕጉ ለሕዝብ ግንኙነት ጻፉ ይላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ መዝገብ ቤት ሂዱ፣ የፋይሉን ቁጥር እወቁ እላለሁ። ቁጥሩን ከጠቀሳችሁ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ማለት ይከብዳቸዋል።

ቁጥሩን የነገሩኝ አንዲት የመዝገብ ቤት እናት ናቸው። ዘገባው ወጣ፤ እሳቸውን ማንም አላወቃቸውም።

ከዚያ ልብ ወለዱን ጻፍኩ። ስማቸውን ቀየርኩ። መሥሪያ ቤቱን ሌላ ከተማ ወሰድኩት። ጠበቃ አማከርኩ፣ ግን የጠየቅኩት እኔ እንዳልከሰስ ብቻ ነበር። «ገጸ ባሕርያቱ የምናብ ፈጠራ ናቸው» ብለን አተምን።

እኚህ እናት ፋይል ሲያገላብጡ አውራ ጣታቸውን በሎሚ ቁራጭ ያርሱ ነበር። ያንን ጻፍኩት። ረስቼው አይደለም፤ ስላማረኝ ነው። ባልደረቦቻቸው ገና ሲያነቡት አወቋቸው። ወር ሳይሞላ ምድር ቤት ወዳለ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ።

ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እኔ ያመንኩሽ ለጋዜጣው ነው። ስለ መጽሐፉ መቼ ነገርሽኝ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ፣ 1238/2013፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር ምንጭሽን ተናገሪ ተብዬ እንዳልገደድ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ አጋለጥኳቸው።

ሥልጠና ላይ ጽሑፍሽን ሳይታተም ለምንጭ አታሳዪ ይባላል። ለዘገባ ልክ ነው። ለልብ ወለድ ግን አልቀበለውም። አሁን ረቂቄን ከአርታኢው በፊት የሚያየው ምንጬ ነው። «ይሄ ይውጣ» ካለ ይወጣል፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

በሁለተኛው እትም ሎሚው የለም። የመጀመሪያው እትም ግን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ጋ አሁንም አይጠፋም። ባየሁ ቁጥር እገዛዋለሁ።