ጌሞቼን ወደ ሊኑክስ ሳዛውር የተማርኩት

የመጀመሪያው ሙከራዬ የቆየው አንድ ምሽት ብቻ ነው። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስን ጫንኩ፣ ጌም የሚገዛበትንና የሚነሳበትን ስቲምን ከፈትኩ፣ ቀድሞ በዊንዶውስ ያወረድኳቸው ጌሞች ያሉበትን ሁለተኛ ዲስክ አሳየሁት። ሁሉንም አንድ በአንድ አወቃቸው። «አጫውት» የሚለውን ስጫን ቁልፉ ለሁለት ሰከንድ ያህል «አቁም» ሆነና ተመልሶ «አጫውት» አለ። መስኮት አልተከፈተም፣ መልእክትም አልመጣም። ሦስት ጌም ሞከርኩ፣ ሦስቱም እንደዚያው። «ሊኑክስ ለጌም አይሆንም» ብዬ ወደ ዊንዶውስ ተመለስኩ፤ ከዚያም አንድ ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ስናገር ቆየሁ።

ተሳስቼ ነበር፣ ሰውም አሳስቻለሁ። ችግሩ የነበረው ዲስኩ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ግን አንድ ጌም በምን በምን አልፎ ስክሪን ላይ እንደሚደርስ መረዳት ነበረብኝ።

ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም «ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ ይህን ድምፅ አሰማልኝ፣ ይህን ምስል ሳልልኝ» እያለ የሚጠይቀው በዊንዶውስ አነጋገር ነው። ዋይን የሚባለው ፕሮግራም ጥያቄውን ተቀብሎ ሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያስፈጽምለታል። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ አይፈጥርም፤ የጌሙ ኮድ ፕሮሰሰሩ ላይ በቀጥታ ነው የሚሠራው። የምስሉን ሥራ ደግሞ ዲኤክስቪኬ የተባለ ሌላ አስተርጓሚ ከዳይሬክት3ዲ (የዊንዶውስ ጌሞች ምስል ከሚያስሉበት ቋንቋ) ወደ ቫልካን (ሊኑክስ ላይም ወደሚሠራው) ይመልሰዋል፤ ለዳይሬክት3ዲ 12 የራሱ አስተርጓሚ አለው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አስሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ፕሮቶን ብሎ ስቲም ውስጥ አስገባቸው። ስለዚህ ከታች ዲስክና ድራይቨር (ሲስተሙን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም)፣ ከላይ አስተርጓሚዎቹ፣ ከሁሉ በላይ ጌሙ አለ። እኔ ያየሁት ላይኛውን ብቻ ስለነበር የፈረድኩትም በእሱ ላይ ነበር።

በሁለተኛው ሙከራዬ ስቲምን ከምልክቱ ሳይሆን ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) አስነሳሁት። ይህቺ ትንሽ ነገር ሁሉንም ቀየረች። ጌሙ በሁለት ሰከንድ ሲዘጋ ምክንያቱ ተርሚናሉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ዲስኩ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አልነበረም። ለካ ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሳት ሲል ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። በዚያ ሁኔታ የተተወን ዲስክ ሊኑክስ እንዳይበላሽ ብሎ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። ፕሮቶን ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም የራሱ የሆነ ትንሽ ሲ ድራይቭ የሚመስል ፎልደር ጌሙ ባለበት ዲስክ ላይ መፍጠር አለበት። መጻፍ ካልቻለ ጌሙ አይነሳም።

ዊንዶውስ ውስጥ ገብቼ ፈጣን ማስነሻውን አጠፋሁና በደንብ ዘግቼ ተመለስኩ። አሁንም እምቢ አለ፣ ስህተቱ ግን ሌላ ነበር። በዚያ ፎልደር ውስጥ «ሲ» እና ሁለት ነጥብ የሚል ስም ያለው ማያያዣ መፈጠር አለበት። ለሊኑክስ ሁለት ነጥብ እንደማንኛውም ፊደል ነው፤ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ግን ክልክል ነው። የእኔ ዲስክ ደግሞ የዊንዶውስን የስም ደንብ እንዲያከብር ሆኖ ነበር የተከፈተው። ይህን ደንብ ማንሳት ይቻላል፤ ያን ካደረግኩ ግን ዊንዶውስ ዲስኩን አንድ ቀን ሲፈትሽ እነዚያን ስሞች እንደ ብልሽት ቆጥሮ ሊነካቸው ይችላል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነውና ዲስኩን ራሱን ለመለወጥ ወሰንኩ።

ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁሉንም እንደገና ማውረድ የማይታሰብ ነበር። የጌሞቹን ፎልደሮች ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጥኩ፣ የጌሞቹን ዲስክ ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ አሠራር ፎርማት አደረግኩት፣ ፎልደሮቹን መልሼ ገለበጥኩ። ከዚያ ስቲም ውስጥ የፋይሎቹን ትክክለኛነት አረጋግጥ የሚለውን ተጫንኩ፤ የጎደለውን ጥቂት ነገር ብቻ አወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ዲስክ ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። ከሁለቱም ሲስተም አንድን የጌም ዲስክ ለመጋራት ለሚያስብ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ አትጋራው።

ቀጥሎ የመጣው ድራይቨሩ ነው። ጌሙ ተነሳ፣ ሙዚቃው ያምራል፣ ምስሉ ግን በሰከንድ ሦስት ፍሬም ነበር። ግራፊክስ ካርዱ ደህና ካርድ ነው፤ ድራይቨሩንም ጭኛለሁ ብዬ አምን ነበር። ቫልካን የትኛውን ካርድ እያየ እንደሆነ ስጠይቀው ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚል ስም መለሰልኝ። ይህ ስም ከታየ ምስሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ካርዱ ቁጭ ብሎ ያያል ማለት ነው።

ምክንያቱ ሴኪዩር ቡት የተባለው የኮምፒውተሩ ጥበቃ ነበር። እሱ ሲበራ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያልተፈረመበትን ድራይቨር አይቀበልም። ድራይቨሩን ስጭን የይለፍ ቃል አውጣ ብሎኝ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲያደርግም ፊርማውን እንድቀበል የሚጠይቅ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ነበር። ያ ስክሪን የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ እኔ ሻይ ላፈላ ተነስቼ ስለነበር አመለጠኝ። እንደገና ጭኜ፣ ፊቱ ተቀምጬ፣ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ሦስት የነበረው ፍሬም ከስልሳ በላይ ሆነ። ለኤኤምዲና ለኢንቴል ካርዶች የሚያገለግለው ሜሳ የተባለው ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ የእነሱ ባለቤቶች ይህን ጣጣ ብዙም አያዩትም።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ጌም ሠራ። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ቀረ፤ አዲስ ቦታ በገባሁ ቁጥር፣ አዲስ ጠላት በታየ ቁጥር ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። ይህ የሼደር ጉዳይ ነው። ሼደር ማለት ብርሃንና ጥላ እንዴት እንደሚሳል ለካርዱ የሚነግር ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ካርድ መጀመሪያ መዘጋጀት አለበት። ስቲም ጌሙን ከማስነሳቱ በፊት «የቫልካን ሼደሮችን እያዘጋጀሁ ነው» እያለ የሚያሳየው መስኮት ሥራው ይህ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ሁልጊዜ «ዝለል» እለው ነበር። ዝም ብዬ መጠበቅ ስጀምር መቆራረጡ በጣም ቀነሰ። በ2022 እ.ኤ.አ. ኅዳር አካባቢ የወጣው ዲኤክስቪኬ 2.0 ደግሞ ድራይቨሩ ከደገፈው ሼደሮቹን ምስሉ በሚሳልበት ቅጽበት ሳይሆን ጌሙ ገና ሲጫናቸው ማዘጋጀት ቻለ። ስለዚህ ድራይቨር አፕዴት ማድረግ እዚህ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

አንድ ትልቅ ጌም ብቻ ሁልጊዜ እዚያው ካርታ ላይ ሲደርስ ይዘጋ ነበር። ፕሮቶን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብ ፋይል) እንዲጽፍ በጌሙ የማስነሻ አማራጮች ውስጥ አንድ መስመር ይጨመራል፤ ፋይሉ ሆም ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። አንብቤ የደረስኩበት አንድ ፕሮግራም ሊይዛቸው የሚችላቸው የሜሞሪ ክፍሎች ገደብ ላይ ነው። ከርነሉ ከድሮ ጀምሮ ይዞት የሚመጣው ገደብ 65530 ነው፤ ለአንዳንድ ትልልቅ ጌሞች አይበቃም። ወደ 1048576 ከፍ አደረግኩት፣ ካርታው ተከፈተ። ፌዶራና ኡቡንቱ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች አዳዲስ ቅጂዎች ይህን ቁጥር ራሳቸው ከፍ አድርገው ስለሚመጡ ዛሬ የሚጀምር ሰው ላያጋጥመው ይችላል።

እስካሁን የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። አንዱን ጌም አስተካክላለሁ ብዬ ያንን የፕሮቶን ፎልደሩን ሰረዝኩት፤ አዲስ ሆኖ ይፈጠራል ብዬ። ተፈጠረም። ግን ጌሙ ሴቭ የሚያደርገው እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ የዊንዶውስ ዶክመንትስ በሚመስለው ቦታ ነበር፤ ክላውድ ላይ የሚያስቀምጥ ጌም ደግሞ አልነበረም። አርባ ሰዓት ያህል የተጫወትኩት ጠፋ። አሁን ከመሰረዜ በፊት በውስጡ ያለውን የተጠቃሚ ፎልደር ሌላ ቦታ እገለብጣለሁ። ለሊኑክስ ብሎ የተሠራ ቅጂ ካለው ጌምም ተጠንቀቁ፦ በፕሮቶን ስታስነሱትና በራሱ ስታስነሱት ሴቩ ሁለት የተለያየ ቦታ ሊሆን ይችላል።

በማንኛውም ማስተካከያ ያልፈታሁት የማጭበርበር መከላከያ ያላቸውን የኦንላይን ጌሞች ነው። ኢዚ አንቲ ቺትና ባትልአይ የተባሉት መከላከያዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ከፕሮቶን ጋር መሥራት እንደሚችሉ ተነገረ፤ ፈቃዱን የሚያበራው ግን የጌሙ አዘጋጅ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ለዓመታት የተጫወትኩት ጌም አዘጋጆች አላበሩትም። እዚህ ላይ ሎግ ማንበብ አይረዳም፤ በጓሮ በር ልግባ ማለትም አካውንት ያሳግዳል። ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ «ሌላ እንፈልጋ» አለ፣ አራታችንም የምንችለውን አገኘን። ያ ባይሆን ዊንዶውስን ለዚያ ጌም ብቻ አስቀረው ነበር፣ ይህንንም የሚያደርግ ሰው ትክክል ነው። ከመዛወራችሁ በፊት የምትወዱትን የኦንላይን ጌም ስም ተጫዋቾች የትኛው ጌም በፕሮቶን እንደሚሠራ በሚጽፉበት ፕሮቶንዲቢ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ የሰዎቹን አስተያየት ስታነቡም ቀኑንና የካርዳቸውን ዓይነት አብራችሁ ተመልከቱ።

ያልጠበቅኩት ደስታ የመጣው ካሮጌ ሲዲ ነው። ልጆች ሳለን ወንድሜ የሚጫወተው አንድ ጌም ነበር፤ መጫኛው 16 ቢት የሚባለው የድሮ ዓይነት ፕሮግራም ስለሆነ 64 ቢት ዊንዶውስ ጭራሽ አይከፍተውም። ዋይን ሲጀመር ዓላማው የዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞችን ማስነሳት ስለነበር ያንን ችሎታ አልጣለውም። ሲዲውን አስገባሁ፣ መጫኛው በዚያ በድሮው ሰማያዊ ስክሪኑ ተከፈተ፣ ጌሙም ሠራ። ወንድሜን ጠርቼ ወንበሩን ለቀቅኩለት፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለውን የተደበቀ በር እጁ ራሱ አስታውሶ ነው ያገኘው።