ራስ ከተላጨሁ በኋላ ማጅራቴ ላይ የሚወጣውን ሽፍታ እንዴት እንዳስቆምኩት

ፀጉራችሁ እንደኔ ከርዳዳ ከሆነና ራሳችሁን ሙልጭ አድርጋችሁ መላጨት ከወደዳችሁ ይሄን አንብቡት፣ በተለይ ባህር ዳር ያላችሁ፣ ምክንያቱም የዚህ ከተማ ሙቀትና ላብ ነገሩን ያባብሰዋል።

እኔን ያሰቃየኝ ማጅራቴ ነበር። በተላጨሁ በሁለተኛው በሶስተኛው ቀን ማሳከክ ይጀምራል፣ ከዛ ጠጠር ጠጠር የሚል ብጉር ይወጣል፣ ኮሌታ ሲነካው ያቃጥላል፣ ትራስ ላይ ጋደም ማለት ራሱ ከባድ ነበር። ሰው ሁሉ "ምላጩ ነው፣ ስፕሪት አድርግበት" ነው የሚለው። ስፕሪቱ ቆዳውን ያቃጥላል ያደርቃል እንጂ ሽፍታውን አያጠፋውም። በደንብ ያስረዳችኝ አንዲት የቆዳ ሐኪም ናት። ከርዳዳ ፀጉር ሲያድግ ይጠቀለላል፣ በጣም ከስሩ ሲቆረጥ ደግሞ ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀራል፣ ከዛ ወይ ገና ሳይወጣ ቆዳው ውስጥ ወደ ጎን ይሄዳል ወይ ወጥቶ ተመልሶ ይወጋል፣ ሰውነታችን ደግሞ እንደ ገባበት እሾህ ቆጥሮ ያሳብጠዋል። ስለዚ ዋናው ጉዳይ ምን ያህል ከስር ላጨነው የሚለው ነው። ሶስትና አምስት ስለት ያላቸው መላጫዎች የፊተኛው ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል የኋለኛው ይቆርጠዋል፣ የቀረው ቆዳ ስር ይገባል። ለሉጫ ፀጉር ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለኛ ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ያደረኩት ሽፍታው እስኪበርድ ምላጭ ጨርሶ መተው ነው፣ በቶንዶዝ ብቻ ማሳጠር። ከዛ መላጨቱን ወደ ማታ አዞርኩት፣ ቆዳው ሌሊቱን ያርፋል፣ ጠዋት ፀሐይና ላብ አይቀበለውም። ደግሞ እኛ ቤት ሮቶው ቀን ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ማታ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ለዚህ ስራ እሱ ይበቃል። ቀድሜ በቶንዶዝ ዜሮ አደርገዋለሁ፣ ታጥቤ እርጥብ ፎጣ ራሴ ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ ሽታ የሌለው ፎም ቀብቼ ሁለት ሶስት ደቂቃ እተወዋለሁ፣ ፀጉሩ እስኪለሰልስ።

አሁን ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። ፀጉር ሁሉ ወደ አንድ በኩል አያድግም። ትንሽ ያደገ ፀጉር ላይ ጣታችሁን አስኪዱት፣ ሲለሰልስ በአስተዳደጉ ናችሁ፣ ሲቆረቁር በተቃራኒው ናችሁ። የኔ አናቴ ላይ ይዞራል፣ ከግንባሬ ወደ ፊት ነው፣ ማጅራቴ ላይ ደግሞ ከግራም ከቀኝም ወደ መሀል ይመጣል፣ ከታች ያለው ጭራሽ ወደ ላይ ነው የሚያድገው። ይሄን ሳያውቁ ሁሉንም ከታች ወደ ላይ መሞለጭ ነው ጣጣው። ባለ አንድ ስለት መላጫ ይዛችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ቆዳውን ሳትወጥሩ፣ አጭር አጭር እያደረጋችሁ በአስተዳደጉ ሂዱ፣ በየመሀሉ ምላጩን አጥቡት፣ ያለፋችሁበትን አትድገሙት። ስትጨርሱ እጃችሁን ስታሳርፉበት ትንሽ ሻከር ይላል። ተዉት! ያቺ የቀረችው ነች ከሽፍታ የምታድነው። በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ በፎጣ ሳይፈተግ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዛ ሽቶ የሌለው ሎሽን፣ በቃ። ምላጩን ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከተላጫችሁበት በኋላ ቀይሩት።

ፀጉር ቤት የምትላጩ ከሆነ አዲስ ምላጭ ፊታችሁ ይከፈት፣ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ በደም ስለሚተላለፉ በዚህ መተፋፈር የለም። እኔ የራሴን ይዤ ነው የምሄደው፣ ቁጭ ስልም "ወንድሜ፣ በአስተዳደጉ ብቻ፣ አትድገመው፣ ስፕሪትም ይቅር" እላለሁ፣ አንዳንዱ ስራዬን ልታስተምረኝ ነው ብሎ ቅር ይለዋል፣ ግን ቆዳው የኔ ነው።

ፀሐይዋን አትናቋት። ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ የተላጨ ራስ ደግሞ ምንም መከለያ የለውም። ጀልባ ይዛችሁ ወደ ዘጌ ከሄዳችሁ ውሃውም ያንፀባርቃል፣ ስለዚ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ) 30 እና ከዛ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ውጪ እስካላችሁ በየሁለት ሰአቱ፣ ወይም ሰፋ ያለ የጥጥ ኮፍያ። ጠባብ ኮፍያ ማጅራትን እየፈተገ ሽፍታውን ይመልሰዋል።

የወጣውን ብጉር በመርፌ አትቆፍሩ፣ በጓደኛ ምክር ከፋርማሲ ስቴሮይድ ያለው ክሬም ገዝታችሁም አትለቅልቁ፣ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል። ማጅራት ላይ ጠጥሮ እያደገ የሚሄድ እብጠት ካያችሁ ሳይቆይ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

እኔ አሁንም ማጅራቴ ላይ ምላጭ አላሳርፍም፣ እሱን በቶንዶዝ ብቻ ነው የምጨርሰው፣ ምላጩ ከጆሮ በላይ ላለው ነው። ልዩነቱን ቀርቦ ካላየ በቀር ማንም አያውቀውም፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝም እለብሳለሁ።