ሦስተኛው ይሻላል

"ሦስተኛው ይሻላል።"

ይህችን ሁለት ቃል ከሰማሁ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ጥርሴን ስፍቅ ትመጣብኛለች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ሦስተኛው ወንበር፣ ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል እደነግጣለሁ። ትናንት ማታ ደግሞ ገና ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ድምፅዋ መጣ። "አምስተኛው ላይ ግን ለምነሃል።" ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ።

እኔ ቢሮ ውስጥ "ፕላስተር" ነው የምባለው። የላፕቶፔን ካሜራ በፕላስተር ስለሸፈንኩ ነው። ቴፕ አይደለም። ከፋርማሲ የተገዛ፣ መሀሉ ላይ ጥጥ ያለው፣ የቁስል ፕላስተር ነው። ቢሯችንን የሚያጸዱት እማማ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው አዩትና "ይሄ ነገር እስካሁን አልሻረም?" ብለው ጠየቁኝ። ይሳቅብኝ። ማርክ ዙከርበርግ እ.ኤ.አ. በ2016 በለጠፈው ፎቶ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ላፕቶፕ ካሜራውም ማይክሮፎኑም ተሸፍኖ ታይቷል። የፌስቡክ ባለቤት የፈራውን እኔ የኮንዶሚኒየም ተከራይ የምደፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. የቴሌግራም መሥራች ዱሮቭ ፈረንሳይ ላይ ሲያዝም ሻይ ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። "ሲክሬት ቻት ካልከፈታችሁ በስተቀር መልእክታችሁ የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው" አልኳቸው። አንዱ ሳምቡሳውን እየገመጠ "አንተ ደሞ ምን የሚደበቅ ነገር አለህ?" አለኝ። ይሄ ጥያቄ ያበግነኛል። ቤቴ መጋረጃ የሰቀልኩት ሰው ገድዬ አይደለም።

ወደ ጉዳዬ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የፋይዳ መታወቂያዬን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየሁ። ሴትየዋ ቀና እንኳን አላለችም።

"ኮፒ ያምጡ።"

"ዲጂታል ነውኮ እህቴ።"

"ታዲያ ስልክዎን ፋይል ውስጥ ልክተተው?"

እዚህ ጋ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። ለዚህ መታወቂያ አሥሩንም ጣቴን ሰጥቻለሁ። ሁለቱንም ዓይኔን ሰጥቻለሁ። ፊቴንም ሰጥቻለሁ። የቀረኝ ጉበቴ ነው። ለዚህ ሁሉ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ተሰጠኝ፤ ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን እንደዚህ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ያስደረግሁት ነገር የለም። ስንት ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተኛሁ እኔም አላውቅም። ሕንፃ ለመግባት ደግሞ በር ላይ ያለው ጥበቃ ያንን ጠርዙ የተጠቀለለ መዝገብ ይዘረጋልሃል። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የመጡበት ጉዳይ። ከአንተ በፊት የገቡት ሃያ ሰዎች ከነስልካቸው ተዘርግተውልሃል። አንዷ በ"የመጡበት ጉዳይ" ሥር "ገንዘቤን ልቀበል" ብላ ነበር። አሁንም አንዳንዴ ተቀብላ ይሆን እላለሁ።

ወረቀቱ መጨረሻ ላይ የት እንደሚደርስም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ቆሎ ገዝቼ መጠቅለያውን ስፈታው የአንድ ሰው የብድር ማመልከቻ ሆኖ አገኘሁት። ላለማንበብ ሞክሬ ነበር። ዋስ አጥቷል ሰውየው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ሁሌም ፊት ለፊት ነው። ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። "በዚህ ቁጥር በቴሌግራም ይላኩልኝ" አለችኝ። እስክሪኗን አየሁት። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሰው ሲቪ፣ የሰው ፓስፖርት፣ የሰው የኤክስሬይ ውጤት፣ ሁሉም በአንድ ፎልደር ተጋድመዋል።

እኔ ፕላስተር፣ እዚያ ክምር ላይ መታወቂያዬን ልጥል? በፍጹም። በራሴ አካውንት ኮምፒውተሩ ላይ እገባለሁ፣ ለራሴ የማስቀምጠው ሁሉ ካለበት ከሴቭድ ሜሴጅ አውጥቼ አሳትማለሁ፣ ሎግ አውት አደርጋለሁ፣ እሄዳለሁ አልኩ። ይህንን ስል ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ወረፋው ላይ ያሉትም እንዲማሩ። ኪው አር ኮዱን በስልኬ አነሳሁ፤ ቴሌግራሜ በሰፊው ተከፈተ። ከኋላዬ አንዱ "ኧረ ቶሎ በል ወንድም" አለ። "ችግራችን ይሄ ችኮላ ነው" ብዬ መለስኩለት።

ፕሪንት ልል ስል መብራት ሄደ።

"ነገ ይምጡ" አለች ልጅቷ። እስክሪኑ ጠቆረ። የጠቆረ ነገር ደግሞ የተዘጋ ይመስላል። ሄድኩ።

ማታ ጅዳ ያለችው እህቴ ደወለች፤ ሰላምታም የላት። "ሁለት ራይት ካደረገ ሦስት ሰዓት ሆነው! እማዬ ደውል ብላለች ብዬ ጽፌልህ አይተህ ዝም?" አላየሁም ብዬ ማልኩ። ስልኬን ሳየው እውነትም ተነቧል። የሥራ ግሩፑም ተነቧል። ያልከፈትኩት ሁሉ ተከፍቷል።

ላብ አሰመጠኝ። ያን ሰሞን የሠፈር ልጆች ግሩፕ ላይ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ሁለተኛዋ መስመር ትንሽ መረር ትል ነበር። በቃ፣ ክትትል ውስጥ ገብቻለሁ አልኩ። እውነቱን ልናገር? ከፍርሃቱ ሥር ትንሽ ደስታ ነበረች። እኔን! አንድ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ተቀምጦ እኔን ያነባል! መስታወት ፊት ሳልፍ ጸጉሬን አስተካከልኩ።

ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። ለአፕሊኬሽኖቹ ሁሉ የማይክሮፎን ፈቃድ ከለከልኩ። የስልኬ የፊት ካሜራ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። የካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ያወረድኳቸውን ነጻ ቪፒኤኖች አጠፋሁ። አራት ነበሩ። የማን እንደሆኑ፣ የት አገር እንደሚያድሩ አላውቅም፤ ያን ጊዜ እስከ ሐምሌ ድረስ ሙሉ ሕይወቴን በእነሱ በኩል ነበር የማሳልፈው። ቴሌግራም ላይ የተገናኙትን ኮምፒውተሮችም አየሁ። ሁለት ቦታ "ክሮም፣ ዊንዶውስ፣ አዲስ አበባ" ይላል። የቢሮዬ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጽፎታል ብዬ አለፍኩት። አዎ፣ አለፍኩት። አሁን ስጽፈው እንኳን ጣቴ ይንቀጠቀጣል።

በማግስቱ ኮፒዬን ልወስድ ገባሁ። ልጅቷ ስታየኝ ፊቷ በራ።

"መጣህ? እናትህ ጋ ደወልክ ግን?"

መጀመሪያ የገረመኝ እናቴ አይደለችም። ትናንት "እርስዎ" ነበርኩ። በአንድ ሌሊት "አንተ" ሆኛለሁ። የሰውን ጓዳ ያየ ሰው አንቱ ማለት ያቅተዋል መሰለኝ።

መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ከፈተው አሉ። እሷም ደንበኞች የሚልኩበት የእነሱ ቴሌግራም መስሏት እየከፈተች ስታይ አመሸች። መጨረሻ ላይ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ሰባት ደብዳቤ አገኘች። የሚታተም መስሏት አተመችው።

"ሰባት ገጽ፣ 35 ብር" አለችኝ።

ደብዳቤዎቹ ለአከራዬ ለእትዬ የተረቀቁ ናቸው። እትዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 4,000 ብር ጨምር ብለውኛል። እኔም ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል ለሁለት ሳምንት ሳረቅ ከርሜያለሁ። የመጀመሪያው "የተከበሩ" ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው የቤት ኪራይ አዋጁን ይጠቅሳል። ሦስተኛው አጭር ነው። አራተኛው ስለ ውሃው ነው። አምስተኛው ላይ "እንደ እናቴ ነው የማይዎት" የሚል አለ። ስድስተኛው ግጥም ነው። ሰባተኛው አንድ ቃል ብቻ ነው። "እሺ።"

ወረቀቶቹን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ባዶ ጠረጴዛ ነካሁ። ወረፋው ላይ ናቸው። ውክልና የያዙት ሽማግሌ ሁለተኛውን በመነጽር እያነበቡ ነው። ነጠላ የለበሱት እናት አያነቡም፤ ሲቪ ልታሳትም የመጣችው ተመራቂ ግጥሙን በጆሯቸው ታነብላቸዋለች። አንድ ሾፌር አምስተኛውን ጨርሶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ ኀዘኔታ ነው። ያኔ ነው ልጅቷ ያችን ያለችው።

"ሦስተኛው ይሻላል። አምስተኛው ላይ ግን ለምነሃል።"

"የለም፣ ሁለተኛው ነው!" አሉ ሽማግሌው። "አዋጅ የሌለበት ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም።"

ምርጫው እንዲህ ተጀመረ። እየቀለድኩ አይደለም፤ እጅ ተወጣ። ከዚያ በፊት ግን ክርክር ነበረ። ተመራቂዋ ሦስተኛውን ደግፋ "አጭርና ግልጽ ነው፣ ክብሩንም ይጠብቃል" አለች። እንደ ፓርቲ ቃል አቀባይ ነው የተናገረችው። ሽማግሌው ለሁለተኛው ሲቀሰቅሱ ድምፃቸው ከውጭ ይሰማ ስለነበር ሁለት መንገደኛ ገባ። አንደኛው "ሰልፉ የምንድን ነው?" ብሎ መልሱን ሳይሰማ እጁን አወጣ። አልተመዘገበም፣ አላነበበም፣ መረጠ። ልጅቷ ቆጠረችለት። ሽማግሌው አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታቸው አልታየም። እናትየዋ ለግጥሙ ድምፅ ሰጡ። ግጥሙ ቤት አይመታም፤ ቤት ለማትረፍ የተጻፈ ግጥም ቤት አለመምታቱን ሾፌሩ አንስቶ ሁሉም ሳቀ። እናትየዋ ግን ፍንክች አላሉም፤ "ልብ አለው" አሉ። ለአምስተኛው አንድም ሰው አልወጣለትም። ውጤቱ ሦስተኛው አምስት፣ ሁለተኛው አንድ፣ ግጥሙ አንድ። እኔ ደራሲው ድምፅ አልነበረኝም። ታዛቢ ነበርኩ፣ እሱም ያለ ባጅ። ሽማግሌው ሽንፈታቸውን ሳይቀበሉ ሰባተኛውን አነሱና አንድ ጊዜ አዩት። "እውነተኛው ይሄ ነው" አሉ። "መጨረሻ ላይ የምትላቸው ይሄንኑ ነው።"

ይሄኛው ነው ከሁሉም የቆረጠኝ።

ክብሬን ላስመልስ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "አንቺ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የሚባል ነገር እንዳለ ታውቂያለሽ? ቁጥር 1321/2016!" አልኳት። የሚገርመው የቤት ኪራዩ አዋጅ ደግሞ ቁጥር 1320/2016 ነው። ጎረቤታሞች ናቸው፣ ግድግዳ ይጋራሉ። አንዱ አከራይ ዝም ብሎ አይጨምርብህ ይላል፤ ሌላው የግል መረጃህን ማንም ዝም ብሎ አይነካካብህ ይላል። ሁለቱም በአንድ ሳምንት እኔ ላይ ፈረሱ።

ልጅቷ አልደነገጠችም። "አዋጁ ይታተምልህ? ገጹ 5 ብር ነው።"

"እኔ እኮ ፋይሌን ሰው እንዳያይ ነው በራሴ የገባሁት!"

"እንደ ሰው ብትልክልኝ ኖሮ መታወቂያህን ብቻ ነበር የማየው" አለችኝ።

መልስ የለኝም። ስምንት ቀን ሙሉ ስፈልግ ከርሜ አላገኘሁም። መታወቂያውን ጨምሮ 40 ብር ከፈልኩ። እዚያው ቆሜ ከኮምፒውተሩ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። መሥሪያ ቤት ያለችው ሴትዮ ኮፒውን ገልበጥ አድርጋ "ጀርባውስ?" አለች። ወደዚያች ልጅ ከምመለስ ብዬ ለጀርባው ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ ሃያ ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ።

ቤቴ ገብቼ ረቂቆቹን ስቆጥር ስድስት ናቸው። ግጥሙ የለም። እናትየዋ ወስደውት ይሁን፣ ወለል ላይ ቀርቶ ይሁን አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሎ ስገዛ መጀመሪያ የማነበው መጠቅለያውን ነው።

ሦስተኛውን ለእትዬ ልኬዋለሁ። ሕዝብ የመረጠው ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ከላክሁት አምስት ቀን ሆነው፤ በተላከ በሩብ ሰዓት ሁለት ራይት አድርጓል። መልስ የለም። ትናንት ደረጃ ላይ ሳገኛቸው ስለ ደብዳቤው ትንፍሽ አላሉም፤ እንዲያውም "ለኪራይ ውሉ ብዬ ያቺ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ቴሌግራሜን ከፍታልኝ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ" አሉኝ።