ከጦሳ አናት ላይ ያለችው ብርሃን

ታኅሣሥ 2017 ነው፤ ደሴ፣ አያቴ ቤት። መግሪብ ተሰግዶ ቡናው ቀርቧል። ከጦሳ ተራራ አናት ላይ አንድ ብርሃን ቦግ ብሏል፤ አይርገበገብም፣ አይንቀሳቀስም። ጎረቤታችን ቀና ብሎ «ድሮን ነው» አለ። አያቴ አቦሉን ሳይቀምሱ ስኒውን ረከቦቱ ላይ መለሱት። እጃቸው ተንቀጥቅጦ ቡናው ቄጤማው ላይ ፈሰሰ።

ሰሞኑን ስልካችን በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ሰማይ ላይ ታዩ በተባሉ ድሮኖች ወሬ ተሞልቶ ነበር። አንዱ የኢራን ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ። ለአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ለኤፍ ቢ አይ፣ ከ5,000 በላይ ጥቆማ ደርሶት ለተጨማሪ ምርመራ የበቃው ወደ 100 ገደማ ብቻ ነው። የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች መርምረን ደረስንበት ያሉት፦ በሕግ የሚበሩ ድሮኖች፣ አውሮፕላኖች፣ ሄሊኮፕተሮች፣ በስህተት ድሮን የተባሉ ከዋክብትም ጭምር።

እኛ ያየነውም ፕላኔቷን ቬነስን ነበር። በዚያ ወር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ ከከዋክብት ሁሉ ደምቃ ትታይ ነበር፤ ጦሳም ከደሴ በስተምዕራብ ነው።

«እማማ፣ ኮከብ ናት፤ አይፍሩ» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እሱም ሲመጣ ኮከብ ይመስል ነበር።»

መልስ አጣሁ። የጦርነቱን ዘመን፣ 2014ን፣ እዚሁ ቤት ነው ያሳለፉት። ኒው ጀርሲ እንቆቅልሽ የሆነው ነገር እዚህ ቁስል ነው፤ ሳያጣራ «ድሮን» የሚል ሰው የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ቶናው ቀርቦ ቀዘቀዘ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ብርሃኗ ከተራራው ጀርባ ገባች። አያቴ ስኒያቸውን ያነሱት ያኔ ነው።